የሐሙስ ስም ጥሪ

«የቱ ዘበኛ?»

ሂርጳ ይህን የሰማው ከሬጅስትራሯ መስኮት ሥር አጎንብሶ የውሃ ጎማ ሲጠቀልል ነው። ድምፁ የማርቲ ነበር፤ የኮሌጁን ተማሪ የምትመዘግበውና ፋይሉን የምትይዘው እሷ ናት። ወሬውን ያነሳችው ገንዘብ ያዧ፣ «ሽማግሌው ነዋ፣ የቀኑ። ስለ እህቱ ልጅ ሲነግርሽ የከረመው» አለቻት። «እ፣ እሳቸው? እናያለን አልኳቸው እኮ። ምን ልበል ታዲያ? ጠዋት ጠዋት በር ከፍተው ደህና አደርሽ ልጄ እያሉኝ፣ አይሆንም ብዬ ላስቀይማቸው?» ሁለቱም ሳቁ። ክፋት ያለበት ሳቅ አልነበረም፤ ሰው ሻይ ሲጠጣ የሚስቀው ሳቅ ነው። ከዚያ ማርቲ ዲኑ ማታ ደውሎ ያዘዛትን ማውራት ጀመረች። ከሌላ ኮሌጅ ተዛውረው ነርሲንግ ለሚቀጥሉ ሆስፒታሉ ለፕራክቲካል የፈቀደው አስራ ሁለት ቦታ ብቻ ነው። የቢሮው መዝገብ ኮምፒውተሩ ሲቀየር ተዘበራርቋል። ስለዚህ ልጆቹ በር ላይ በራሳቸው የያዙትን የወረፋ ወረቀት ትቀበልና ከላይ ያሉትን አስራ ሁለቱን ዛሬውኑ ታስገባ ተብላለች። «እሱ ይሻላል» አለች ገንዘብ ያዧ። «ማንም አያማንም።»

ሂርጳ ጎማውን ጠቅልሎ ሚስማሩ ላይ ሰቀለው። ከዚያ ያለ ምክንያት አወረደውና እንደገና ጠቀለለው። በዚህ በር ላይ ዘጠኝ ዓመት ቆሟል። የማርቲን የሠርግ መኪና ወደ ግቢ ያስገባው እሱ ነው፤ ልጅ ወልዳ ስትመለስም የሕፃኑን ስም ጠይቆ መርቋል። የቱ ዘበኛ የሚለው ቃል ከጆሮው አልወጣ አለ። ግን ስለ ቃሉ የሚያስብበት ጊዜ አልነበረም። ሰዓቱን አየ፤ ሁለት ተኩል አልፏል። ስም ጥሪው ሦስት ሰዓት ነው።

ኮሌጁ ቃሊቲ ውስጥ ከከባድ መኪናዎቹ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ አራት ፎቅ ያለው የኪራይ ሕንፃ ላይ ነው። ምድር ቤቱ ጎማ መሸጫ ስለሆነ የኮምፕሬሰሩ ጩኸት ከክፍል ክፍል ይሰማል፤ አስተማሪዎቹ ጩኸቱ እስኪያበቃ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ። በሩ ላይ ከመስከረም ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት የሚቆሙ ልጆች አሉ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። አንዷ ባሏ ሥራ ተቀይሮ ተከትላው የመጣች ናት፣ ሌላዋ አገሯ ሰላም ስላጣ፣ ሌላዋ የተማረችበት ኮሌጅ ስለተዘጋ። ሁሉም ነርሲንግ ጀምረው መሃል ላይ የቀረባቸው ናቸው፤ ሁሉም የተባሉት «ቦታ ሲገኝ እንጠራችኋለን» ነው። መጀመሪያ ሰሞን ማርቲ ብቅ ባለች ቁጥር ይጋፉ፣ ይሰዳደቡ ነበር። ሥርዓት ያበጀላቸው ሂርጳ ነው። ድሮ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲሠራ የሠራተኛውን የስኳርና የዘይት ወረፋ ሃያ ዓመት የያዘ ሰው ነውና ወረፋ እንዴት እንደሚያዝ ያውቃል። አንድ ወረቀት፣ በቁጥር። ወረቀቱን የምትይዝ አንዲት የምትታመን ልጅ። ሐሙስ በሦስት ሰዓት ስም ጥሪ። ሁለት ሐሙስ የቀረ ይሰረዛል። በተወካይ አይቻልም፤ እህትም ብትሆን፣ እናትም ብትሆን። ከሁሉ አስተውሎ ሐናንን መረጠ፤ አባቷ አቃቂ ሱቅ ያላቸው የስልጤ ልጅ ናት፣ ቃሏ አንድ ነው፤ ወረቀቱን በላስቲክ አድርጋ ደብተር ውስጥ ይዛ ትዞራለች። ደንቡ ተከበረ። ኅዳር ላይ ዙለይኻ የምትባል ሕፃን ያዘለች ሴት፣ ልጇ ታሞባት፣ ሁለት ሐሙስ ቀረችና ለመነች፤ ልጆቹ ሊተዉላት ሲያመነቱ «ለአንቺ ከተላለፍን ለሁሉም ነው» ብሎ ያሠረዛት ሂርጳ ነው። ሴትዮዋ ከጭራው ተመዘገበች። እሱም የዚያን ቀን ማታ ደስ ብሎት ተኛ፤ በዚህ አገር አንድ ቀጥ ያለ ነገር ቢኖር የእሱ ወረፋ ነው ብሎ።

የእህቱ ልጅ ዳሲቱ ግን ከወረፋው ውስጥ የለችም። ወለጋ ሁለት ዓመት ነርሲንግ ተምራ፣ ኮሌጁ ሲዘጋና መንገዱ ሲከፋ አንድ ቦርሳና አንድ ካኪ ፖስታ ይዛ ነው እሱ ቤት የመጣችው። ፖስታው ውስጥ ያለው የሁለት ዓመት ውጤቷ ነው። ሂርጳ ፖስታውን በማግስቱ ለማርቲ ወስዶ ሰጠ፤ ማርቲም «እናያለን አባባ» አለችው። ማታ ቤት ገብቶ ለሚስቱና ለልጅቷ «ጉዳዩ አልቋል፤ አንድ ሐሙስ ይጠሯታል» አላቸው። ዳሲቱ በእናቷ ቋንቋ ኤሱማ ትለዋለች፣ የእናቴ ወንድም ማለቷ ነው። «ኤሱማ፣ ለማንኛውም እኔም ሄጄ ልመዝገብ?» ስትለው ተቆጣ። «እኔ በሩን ይዤ፣ አንቺ ከበሩ ውጪ ፀሐይ ላይ ትቆሚያለሽ?» ልጅቷ ቂሊንጦ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ገባች፤ ቀኑን ሙሉ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ የሚተክል ማሽን ፊት ትቀመጣለች። ጥቅምት ላይ ሂርጳ በታይፎይድ ሁለት ሳምንት ተኝቶ ሲመለስ፣ የመጀመሪያው ሐሙስ ላይ ከልጆቹ መሃል አያት። የፋብሪካውን ሰማያዊ ገዋን እንደለበሰች፣ ፈረቃ ተለዋውጣ ነው የመጣችው። ክንዷን ይዞ እስከ ታክሲው ወሰዳት። «ስሜ እዚያ ቢቆይ ምን ይጎዳል፣ ኤሱማ?» አለችው። «የሰው መሳቂያ አታድርጊኝ። እኔ ያለቀ ነገር ነው የነገርኩሽ» አላት። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም።

አሁን ስልኩን አውጥቶ ደወለላት። ዝግ ነው። ፋብሪካው ጠዋት ሲገቡ ስልክ በር ላይ በሳጥን ተቀብሎ ነው የሚያስገባቸው፤ ያውቃል፣ ግን ደወለ። ሦስት ጊዜ ደወለ። ከዚያ የጥበቃ ቤቱን ዘግቶ ወደ ልጆቹ ወጣ። ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች ከአጥሩ ሥር በጥላው ልክ ተደርድረዋል። አንዱ ከሱቅ በአስራ አምስት ብር የገዛውን ሻይ ለሦስት ይቃመሳሉ። ዛሬ ምን እንደሚሆን ገና አልሰሙም።

«ሐናን፣ ልጄ፣ እስቲ ያን ወረቀት አሳዪኝ።»

ከላስቲኩ አውጥታ ሰጠችው። መነጽሩን አደረገና ጣቱን ከላይ ወደ ታች እያስኬደ ማንበብ ጀመረ። ንባቡ የመሠረተ ትምህርት ነው፤ ቀስ ይላል፣ ግን አይስትም። ጣቱ ከአስር ወርዶ ቆመ። አስራ አንድ ላይ በማስመሪያ ቀጥ ተደርጎ የተሰረዘ ስም አለ፤ ከመሥመሩ ሥር ፊደሉ ይነበባል። ዳሲቱ ገለታ። ያኔ ትዝ አለው። በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር መጀመሪያ፣ በሁለት ሐሙስ፣ ይህ ስም ሲጠራ ሰምቷል። ጥበቃ ቤት ተቀምጦ ዳቦ በሻይ እየበላ ነበር። ሐናን «ዳሲቱ ገለታ» ብላ ጮክ አለች፤ ጠበቀች፤ ደገመች። ማንም አቤት አላለም። እሱም ዳቦውን እያላመጠ ለብቻው ፈገግ አለ። የእኔ ልጅ ይህን ሁሉ አትፈልግም፣ ብሎ ነበር በልቡ።

«ይቺን» አለ ጣቱን ሳያነሳ፣ «ይቺን መልሰሽ ብትጽፊያትስ?»

ሐናን ወረቀቱን አየችና እሱን አየችው። «ያን ቀን እጇን ይዘው የወሰዷት ልጅ አይደለችም?»

«የእህቴ ልጅ ናት።»

«እኛ እኮ ከውስጥ ያለቀላት መስሎን ነው አባባ። አምተንዎታልም፣ እውነቴን ነው። ቦታ አስይዞላት ነው የወሰዳት ብለን።»

«ገና ነው። አላለቀም።»

«እንዴት አድርጌ ልጻፋት? ደንቡን ያወጡት እርስዎ ነዎት። እኔ ብጽፋት እነዚህ ዝም የሚሉኝ ይመስልዎታል?» ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር የምትናገረው፤ ግን ልጆቹ ሰምተዋል። ከኋላ ሞቲ የሚባለው፣ ከመሃላቸው ካሉት ጥቂት ወንዶች አንዱ፣ «አባባ፣ ለዘበኛ ወረፋ የለም እንዴ?» አለ፤ ሁለት ሦስቱ ሳቁ። ዙለይኻ አልሳቀችም። ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርዳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና አፍንጫውን በነጠላዋ ጠረገችለት። ቀና ሳትል፣ «ለእሷ ከተላለፋችሁ ለሁሉም ነው» አለች።

ሂርጳ ወረቀቱን መለሰ። ሊሰማው የሚገባውን ነገር ሰምቶ እንደጨረሰ ሰው ሆኖ ወደ ግቢ ገባና ሳያንኳኳ የማርቲን ቢሮ ከፈተ። ዘጠኝ ዓመት ሲያንኳኳ ኖሯል። ማርቲ ከወንበሯ ብድግ አለች፤ ልጅ ሆና የተማረችው ነገር አልለቀቃትም፣ ለሽማግሌ ትነሳለች። «የእህቴ ልጅ ፖስታ የት ነው?» አላት። ከኋላዋ ካለው መደርደሪያ ላይ መፈለግ ጀመረች። የተዛወሩ ተማሪዎች ፋይል በየስማቸው ጀርባው ተጽፎበት ቆሟል፤ ከዚያ ውስጥ አልነበረም። ከታችኛው መሳቢያ፣ ከአሮጌ የቀን መቁጠሪያና ከማኅተም ቀለም ጣሳ ሥር ወጣ። አልተከፈተም። ዳሲቱ ራሷ በምራቋ ያሸገችው አፉ እንዳለ ነው። ፊቱ ላይ የልጅቷ ስም የለም፤ በቀይ እስክሪብቶ «ዘበኛ» ተብሎ ተጽፎበታል።

ማርቲ ጽሑፉን በመዳፏ ልትሸፍነው ሞከረች፤ ረፍዷል። «እንዳይጠፋብኝ ብዬ ነው አባባ፤ ያመጡት እርስዎ ስለሆኑ» አለች።

«እናያለን ብለሽኝ ነበር።»

«ብያለሁ። እናያለን ማለት ግን… ተስፋ ነው እንጂ ቃል እኮ አይደለም። እርስዎ ያውቁታል ብዬ ነው።»

«አላወቅሁም» አለ ሂርጳ።

ማርቲ ቁጭ አለች። ጥፋት ሲሰማት ደንብ የምታወራ ሴት ነበረችና ደንብ ማውራት ጀመረች። የዛሬው ቦታ አስራ ሁለት ነው፤ አንድ ብትጨምር ሆስፒታሉ አይቀበላትም። የሚቀጥለው ቅበላ መስከረም ነው። ትምህርቱን ካቋረጠ ሁለት ዓመት ያለፈው ሰው ደግሞ የተማረው አይያዝለትም፣ ከአንደኛ ዓመት ይጀምራል። «መቼ ነው ያቋረጠችው?» አለችና ፖስታውን ቀድዳ ወረቀቱን አየች። «ሰኔ ላይ ሁለት ዓመት ይሞላታል። ውጤቷ ደግሞ ጥሩ ነው። አናቶሚ ኤ አላት።» ይህን የተናገረችው ለማጽናናት ይመስላል። ሂርጳ እጁን ዘረጋ፤ ወረቀቱን መልሳ ፖስታው ውስጥ ከትታ ሰጠችው። ከወንበሯ እንደገና ተነስታ እስከ በሩ ሸኘችው።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ማርቲ ራሷ ወጥታ ለልጆቹ ነገረቻቸው። ጩኸት አልነበረም፤ አምስት ወር የጠበቀ ሰው ወዲያው አያምንም። ሐናን ስም ጠራች። አስሩ ነበሩ። አስራ አንደኛው ቁጥር ላይ ስትደርስ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ ዘለለችውና አስራ ሁለተኛውንና አስራ ሦስተኛውን ጠራች፤ አስራ ሦስተኛው ሞቲ ነበር። የተጠራው ሁሉ በጠባቡ የእግረኛ በር አንድ በአንድ ይገባል፤ በሩ የላላ ስለሆነ ሰው በገባ ቁጥር አንድ ሰው ይዞ መክፈት አለበት። የሚከፍተው ሂርጳ ነው። አስራ ሁለት ጊዜ ከፈተ፣ አስራ ሁለት ጊዜ ዘጋ። መጨረሻ ላይ ሞቲ ሲያልፍ የጠዋቱን ቀልድ አስታውሶ አፈረ መሰለኝ፣ «ይቅርታ አባባ» አለው። «ግባ» አለው ሂርጳ። ሐናንም ከአስራ ሁለቱ አንዷ ናትና፣ ውጪ የቀሩት በሩ ላይ ከበቧት፤ ወረቀቱን ከእሷ ተቀብላ እንደገና ከአንድ ጀምራ የምትቆጥር ሌላ ልጅ መረጡ። ዙለይኻ ልጇን አዝላ ሄደች።

ምሳውን አልበላም። የማታው ጥበቃ ጂራታ ቀደም ብሎ እንዲመጣለት ለመነውና ሰባት ሰዓት ላይ ፖስታውን በብብቱ ይዞ ወጣ። ከቃሊቲ ቂሊንጦ በሚኒባስ ሃያ ብር ነው። መንገዱ ላይ ሲሚንቶ የጫኑ መኪናዎች ተደርድረው ቆመዋል፤ ረዳቱ ከሹፌሩ ጋር ስለ ናፍጣ ሰልፍ ያወራል። ሂርጳ በመስኮት የሚያየው አገር የአባቱ አገር ነው። እዚያ ሰማያዊ ቆርቆሮ የለበሰው መጋዘን ያለበት የጤፍ ማሳቸው ነበር፤ ካሳው ሲከፈል ወንድማማቾቹ ተካፍለው፣ እሱ በድርሻው ሁለት ክፍል ቤት ጨመረበት፣ አለቀ። እህቱ ያኔ አስተማሪ አግብታ ወለጋ ስለነበረች ከካሳው የደረሳት አልነበረም። «ልጆቼን ስትማሩ አጎታችሁ ጋ ታርፋላችሁ እላቸዋለሁ፤ ይበቃኛል» ብላ ላከች። ይህን ነገር ዛሬ ለምን እንዳስታወሰው ያውቃል፤ ሊያስበው ግን አልፈለገም። የሚነግራትን ቃል ይፈልግ ነበር። መጀመሪያ «ለመስከረም አድርገውታል» ሊላት አሰበ። ከዚያ «ሰዎቹ ከዱኝ» ሊላት አሰበ። ሁለቱም ግማሽ እውነት አላቸው። ሙሉው እውነት ስድስት ቃል ነበር፤ እኔ ነኝ ከወረፋው ያወጣሁሽ፣ ይቅር በይኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ብዙ ጊዜ ደጋገመው።

ፋብሪካው በር ላይ ሌላ ዘበኛ አለ፤ ወጣት ነው፣ ዩኒፎርሙ አዲስ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ የጠዋቱ ፈረቃ ወጣ። ሴቶቹ በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው፤ አንድ ዓይነት ሰማያዊ፣ ፀጉራቸው ላይ የክር ብናኝ። ከሳጥኑ ስልካቸውን ይወስዳሉ፣ ሰርቪሱ ላይ ቦታ ለመያዝ ይሮጣሉ። ዳሲቱ አልሮጠችም። ስልኳን ስትከፍት ሦስት ጊዜ እንደደወለላት አየች መሰለኝ፣ ቀና ስትል ከመንገዱ ማዶ አየችው። ከዚያም በብብቱ ያለውን ፖስታ አየች። ፊቷ በራ። ከመጣች ጀምሮ እንደዚያ ሲበራ አይቶት አያውቅም፤ የእህቱ ፊት ነበር፣ ሳታገባ በፊት የነበረው። መንገዱን ሳታይ ተሻገረች።

«ተጠራሁ? ኤሱማ፣ ተጠራሁ?»

ስድስቱ ቃል ከአፉ ጠፉ። «ፖስታሽን አምጥቼልሻለሁ» አለ።

ወሰደችው። ፊቱ ላይ በቀይ የተጻፈውን አነበበች። አገላበጠችውና እንደገና አነበበች። ስትናገር ድምፅዋ እንደ ሁልጊዜው ነበር። «ስንት ሰው ወሰዱ?»

«አስራ ሁለት።»

«ከቢሮው መዝገብ ነው ወይስ ከሐናን ወረቀት?»

ሂርጳ መንገዱን አየ። አንድ ሰርቪስ አቧራ እያስነሳ አለፈ። «ከወረቀቱ» አለ።

ዳሲቱ ቁጥሯን ታውቀዋለች፤ እንደምታውቀውም እሱ አወቀ። ፖስታውን ለሁለት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባች፤ የማትፈልገውን ነገር እንደምታስቀምጥ ሰው ሳይሆን፣ ልብስ እንደምታጥፍ ሰው፣ ጠርዙን ከጠርዙ አስተካክላ። «ትንሽ ይጠብቁኝ» አለች። «ሱፐርቫይዘሯ የሁለት ዓመት ውል ፈርሚና የመሥመር ኃላፊ ላድርግሽ ብላኝ ነበር። ከፈረሙ ወዲያ መልቀቅ የለም። እስከዚህ ሐሙስ ታገሺኝ ብያት ነው የቆየሁት።»

«ዳሲቱ።»

«እዚህ ጥላው ጋ ይቁሙ፤ ፀሐዩ ራስዎን ያምዎታል።»

ተመልሳ ገባች። ሂርጳ ሩብ ሰዓት ያህል ቆመ። ሄዶ ሊያስወጣት ይችል ነበር፤ በጥቅምት ክንዷን ይዞ እንደወሰዳት። ግን አሁን ወዴት ነው የሚወስዳት? ፈርማ ወጣች። በእጇ ወረቀት አልያዘችም፤ ከፈረመችው ነገር ለሠራተኛ ቅጂ አይሰጡም። ደመወዟ ስንት እንደሆነ አልጠየቃትም። ሚኒባስ ያዙ። ከኋላ ወንበር ተቀመጡ፤ እሷ ሳትጠይቀው የሁለቱንም ከፈለች። ቱሉ ዲምቱ መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ፣ «ለአክስቴ እኔ ነኝ የምነግራት» አለችው። ይህ ብቻ ነበር እስከ አቃቂ ድረስ የተነጋገሩት። ሂርጳ ራሱን ነቀነቀ። ትንገራት፣ ብሎ አሰበ። ሚስቱ ጠጄ ሠላሳ አራት ዓመት ስታነሳ ስትጥለው ኖራለች፤ ምላሷን ያውቀዋል፤ የሚገባውም ነው። ይህን ካሰበ በኋላ ትንሽ ቀለል አለው። አንድ ሰው በእሱ ፋንታ ሊናገርለት ነው።

ቤታቸው ከወንዙ ብዙም ሳይርቅ፣ ከድሮው የአባቱ ግቢ የቀረ ነው። በር ላይ ጠጄ ሽንኩርትና ጎመን በማዳበሪያ አንጥፋ ትሸጣለች። ዛሬ ሽንኩርቱ በኪሎ አስር ብር ስለጨመረ ሰው ነክቶ እየመለሰ ይሄዳል፤ በዚህ ተናዳ ነው የቆየቻቸው። ጓዟን ሰብስባ ተከትላቸው ገባች። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ሶፋ፣ ዳሲቱ ማታ የምትዘረጋው ፍራሽ ከግድግዳው ተደግፎ። ጠጄ ባሏ በጠራራ ሰዓት ከሥራ መመለሱን አየች፣ ልጅቷንም አየች።

«ዛሬ ሐሙስ አይደል?» አለች። «ምን አሏችሁ? ሁለታችሁም ለቅሶ የደረሳችሁ ነው የምትመስሉት።»

ሂርጳ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ጫማውን መፍታት ጀመረ።

«ቦታ ተገኝቶልኝ ነበር» አለች ዳሲቱ። ጀርባዋን ሰጥታ ገዋኗን ታወልቅ ነበር። «ኤሱማ አስይዘውልኝ ነበር። እኔ ነኝ የተውኩት። ፋብሪካው ይሻለኛል ብዬ ውል ፈረምኩ።»

ሂርጳ የጫማውን ክር ይዞ ቀረ።

«ምን አልሽ?» አለች ጠጄ።

«ተውኩት አክስቴ። ሁለት ዓመት ደግሞ ማን ይማራል? ደክሞኛል።»

ጠጄ መጀመሪያ አልተቆጣችም። ወደ ባሏ ዞራ አየችው፤ በሕይወቷ ለሁለተኛ ወይም ለሦስተኛ ጊዜ ያዘነችለት ይመስላል። ከዚያ ነው የወረደችባት። አንቺን ብሎ አምስት ወር ሙሉ ልጁ በምትሆን ሴት ደጅ የጠናውን ሰውዬ፤ ለራሱ የሚጠይቀው አጥቶ ስለ አንቺ የለመነውን፤ ሰው ሁሉ የሚጋፋበትን ቦታ በእጁ አምጥቶ ሲሰጥሽ። እኔ እንኳ፣ አለች፣ እኔ እንኳ አላመንኩትም ነበር፤ አፉ ብቻ ነው እያልኩ፣ ዘበኛን ማን ይሰማዋል እያልኩ ስሙን ሳጠፋ ከርሜ፤ ይኸው ሰውዬው ያለውን አድርጓል። እናትሽ ይህን ብትሰማ ምን ትላለች? ዳሲቱ ገዋኗን ሚስማር ላይ ሰቀለች። ሂርጳ አፉን ከፈተ። ጠጄ እስክትጨርስ ልጠብቅ አለ በልቡ። ስትጨርስ እናገራለሁ። ጠጄ ትንፋሽ ስትወስድ ዝምታ ነበረ፤ ጎረቤት ራዲዮ ይሰማል፤ ሊናገር የሚችልበት ያህል ረጅም ዝምታ ነበር። እሱ ግን ሁለተኛውን ጫማ መፍታት ጀመረ። ሚስቱ ያለውን አድርጓል ያለችውን ቃል እየሰማው ነበር። በዚህ ቤት እንዲህ ተብሎለት አያውቅም።

«እንግዲህ አንዴ ሆኗል» አለች ጠጄ በመጨረሻ፣ ድምፅዋ ደክሞ። «ቢያንስ ጉልበቱን ሳሚ። ይቅርታ ጠይቂው። በሰው ፊት ያዋረድሽው እሱን ነው።»

ዳሲቱ መጣች። ፊቱን አላየችም። ከሶፋው ፊት ተንበርክካ ጉልበቱን ሳመች፤ አንደኛውን፣ ከዚያም ሁለተኛውን። ከፀጉሯ ላይ አንዲት ነጭ ክር ሱሪው ላይ ወደቀች። ጠጄ ቆማ ትጠብቅ ነበር።

ሂርጳ እጁን አንስቶ፣ እንደ ወጉ፣ የልጅቷ ራስ ላይ አኖረ።

«ይሁን» አለ። «ይቅር ብዬሻለሁ።»